ፎርኔሎ ወደ ጅዳ

ነጻነት በመጣ ሰሞን አስመራ ውስጥ ዓለም አቀፍ ንግድ እማር ነበር። አስተማሪያችን ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ከረባቱን የማያላላ ሰው ነው። ስለ ወደብ ሲያወራ የራሱ መርከብ ያለው ይመስል ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ግን በአማርኛ ተምሬ ስላደግሁ ማስታወሻዬን የምይዘው በአማርኛ ነበር፤ አማርኛ የማይወደድበት ጊዜ ስለነበር፣ ደብተሬን በክንዴ ከልዬ።

አንድ ቀን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረንና፣ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ፈልገን እቅድ እንድናወጣለት አዘዘ። እኔ የደረሰችኝ ከማይ ጭሆት ሰፈር አብራኝ የምትመላለስ ልጅ ነበረች። ተያይዘን መደበር፣ የብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ ወረድን። እዚያ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ፣ እኛ ፎርኔሎ የምንለውን፣ የሚሠሩ ሽማግሌ አገኘን። የመዶሻው ጩኸት አላስደምጥ ስላለ እየጮህኩ ስለ ገበያ ጥናት ረጅም ንግግር አደረግሁላቸው።

«አቦይ፣ ይህን ዕቃ ባሕር ማዶ ለመሸጥ አስበው ያውቃሉ?» አልኩ በመጨረሻ።

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እወ፣ ልጄ። ድሮ በሱዳን፣ በከሰላ በኩል ነበር። አሁን እህቴ ከምጽዋ ጅዳ ታሻግረዋለች። እናንተስ ምን ትሸጣላችሁ?»

ጓደኛዬ ሳቀች። የእኔ ጆሮ ጋለ።

የሰማነውን ጽፈን ክፍል ውስጥ አነበብን።

«ውሉስ?» አለ አስተማሪው።

«በቃል ነው» አለች ጓደኛዬ።

«የጉዞ መድኑስ?»

«እህትየው ዕቃው ላይ ተቀምጣ ነው የምትሻገረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይህ ንግድ አይባልም» ብሎ ከሁሉ ዝቅተኛውን ማርክ ሰጠን። አንደኛ የወጡት ለሆላንድ አበባ እንሸጣለን ያሉት ናቸው። አበባው አልተተከለም፣ የሚጭነውም አውሮፕላን የለም፤ ወረቀቱ ግን በኮምፒውተር የተጻፈ ነበር። አጨበጨብንላቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

ጓደኛዬ እጇን አላነሳችም። በሳምንቱ ትምህርቷን ትታ ከሽማግሌው እህት ጋር ጅዳ ለመሄድ ተነሣች።

«አብደሻል? ዲግሪው አንድ ዓመት ሲቀረው!» አልኳት ፌርማታ ድረስ ተከትያት።

«አንተ ጨርስና ዲግሪው ምን እንደሚል ትነግረኛለህ» ብላኝ አውቶቡስ ውስጥ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ተመልሳ እዚያው አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ሱቅ ከፈተች።

እኔ ጨረስኩ። እናቴ ካባ ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ ሳሎን ሰቅላ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ልጄ የዓለም አቀፍ ንግድ ምሩቅ ነው» ትል ነበር። እኔ አቀርቅሬ ሻሂዬን እጠጣ ነበር። ያኔ እዚያው አፍንጫችን ሥር ካለችው ከከረን ከተማ አልፌ አላውቅም ነበር።