ቀርፋፋው ፊት ይሂድ

በሕይወቴ አንደኛ የወጣሁበት ነገር ቢኖር ቀርፋፋነት ነው። ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነበር። ሀርጌሳ ውስጥ የስንቱን ሰዓት እንዳስተካከልኩ አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን ኒካሕ የታሰረልኝ ቀን እንኳ አርፍጄ ነው የደረስኩት። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ለልጅ ልጆቻችን እስከ ዛሬ ታወራለች፤ በየዓመቱ እያስረዘመችው። በአሁኑ አወራሯ ቀትር አልፎ ነው የደረስኩት። ዕድሜ ከሰጣት በማግሥቱ የደረስኩ ታደርገዋለች።

ይህ ቀርፋፋነቴ የተከበረበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ የእግር ማኅበራችን።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው ሰፈራችን፣ ከመስጊዱ በር ተነሥተን ቁልቁል ወደ ዋሄን ገበያ እንሄዳለን፤ እዚያ ሻሂ እንጠጣና ቀስ እያልን እንመለሳለን። «ስኳር አለባችሁ፣ ተራመዱ» ብሎ ሐኪም የሰበሰበን ሽማግሌዎች ነን። ሁላችንም ኢትዮጵያ ያደግን፣ ፊደል የቆጠርንም እዚያው ስለሆነ ስንራመድ ወሬያችን በአማርኛ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው በሶማልኛ ሰላም ብሎን ሲያልፍ እኛ በአማርኛ እናማዋለን። አላህ ይቅር ይበለን፤ ስኳሩን የሚያወርደው እርምጃው ይሁን ሐሜቱ ገና አልለየንም።

ማኅበሩ አንድ ሕግ አለው፦ ቀርፋፋው ፊት ይሂድ። ፈጣኑ ከመራ ቀርፋፋው ወደኋላ ይቀራል፤ ከቀረ ያፍራል፤ ካፈረ በማግሥቱ አይመጣም። ስለዚህ ከሁሉ የሚዘገየው ከፊት ይሆናል፣ ሌላው በሱ እግር ልክ ይሄዳል። መሪውን የቀደመ ሰው የሁላችንንም ሻሂ ይከፍላል። ሕጉን ያወጣው ማኅበሩን የመሠረተው ወዳጃችን ነው፣ አላህ ይማረው። ጉልበቴ ማበጥ ከጀመረ ወዲህ መሪው እኔ ነኝ። ምርጫ የለ፣ ተቀናቃኝ የለ። ይህን ያህል ዘመን ሥልጣን ላይ ተቀምጦ ማንም ያልጠላው ሰው ከኔ ሌላ አላውቅም።

መሥራቹ በሞተ በሳምንቱ ልጁ ከመስጊዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «የአባቴን ቦታ ባዶ አታድርጉት፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ስኳር የለበትም፣ ጉልበቱ ደህና ነው፣ ዕድሜው ገና አርባን ማለፉ ነው። የጦር ሠራዊቱ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። እኛ ግን «ልጁ» እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ እኔን «አደር» ይለኛል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ድሬዳዋ ስላደገ ግን አንቱታ የሚባል ነገር አልነካውም። «አደር፣ አንተ አቦ ተኝተህ ነው እንዴ የምትሄደው?» ይለኛል።

ቦታው ከኔ ኋላ ነበር። ከሰፈራችን ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የኮቴን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይይዛል። «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ የት ነው ያስሰፋኸው?» ይላል። በየማለዳው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እኔም በየማለዳው የሌላ ሰፊ ስም እጠራለታለሁ። እንዳልወድቅ ደግፎኝ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የጨርቁም ነገር ያበቃል።

በምሥራቅ በኩል ውጊያው ሲነሣ ልጁ አምቡላንሱን ይዞ ሄደ። ከኋላዬ ያለውን ቦታ ማንም አልያዘውም። ዋሄን ላይ ገንዘብ የሚመነዝረው ወዳጃችን፣ ሸራፊው፣ አንድ ቀን ጠጋ ሊል ሲል ዞር ብዬ አየሁት። ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያ ክፍተት ፍየሎች ያልፉበት ጀመር።

ልጁ ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም አዛዦቹ ይሰበስቡታል። ስለዚህ የውሃ ቦቴ የሚነዳ ሰው ወረቀት ያመላልስልን ጀመር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርስ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ከመካከላችን ዓይኑ ደህና የሆነው እሱ ስለሆነ፣ ከሻሂ ቤቱ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ከፈተው።

«ቁጭ ብላችሁ እንዳታነቡኝ» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «እየሄዳችሁ አንብቡኝ። እኔም መሄድ አምሮኛል። ከመስጊዱ በር ጀምሩ።»

መምህሩ ደብዳቤውን አጠፈው፤ በማግሥቱ ከመስጊዱ በር ጀመርን። ልጁ መንገዳችንን በልቡ ስለያዘው ለየቦታው የሚሆን ጽፎ ነበር። «አሁን ወተት ሻጮቹ ጋ ደርሳችኋል፣ ሰላም በሏቸው» ይላል፤ እንላለን። «አሁን ቁልቁለቱ ነው። አደር፣ ቀኝ ቀኙን ያዝ፣ ግራው ጠጠር አለው። ስለ ኮትህ ጨርቅ እዚህ ላሉት ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ።» መምህሩ ይህን ሲያነብ እግሩ ሥር የተኛች ፍየል ስላላየ ከነደብዳቤው ተዘረጋ። ፍየሏ ምንም አልሆነችም። መምህሩን አነሣነው፣ ደብዳቤውንም አራገፍነው፤ ከሁለቱ የትኛውን መጀመሪያ እንዳነሣን መምህሩ ዛሬም ይጠይቀናል።

መልሱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስለ ጦርነት ምን ይጻፋል? ስለ ጉልበቴ ጻፍኩ፤ ማበጡን፣ መጉደሉን። መምህሩ በፍየል መማረኩን ጻፍኩ። ሸራፊው የብሩን ክምር ተደግፎ አንቀላፍቶ ክምሩ ሲናድ አብሮ መናዱን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከኋላዬ ያለው ቦታ አለ። ፍየል እንጂ ሰው አልያዘውም።»

ይህችው ደብዳቤዬ ልጁን ልታሳስረው ነበር። የልጁ አዛዥ ወረቀቱን ከፍቶ ሲያይ ጽሑፉ ሶማልኛም አይደለ፣ ዓረብኛም አይደለ፣ እንግሊዝኛም አይደለ። «ይሄ የምን ምስጢር ነው?» ብሎ አስጠራውና ሰው ሁሉ ባለበት ቃል በቃል እየተረጎመ እንዲያነብ አዘዘው። ልጁ እንደጻፈልን ከሆነ ቆሞ አነበበ፦ የአንድ ሽማግሌ ቀኝ ጉልበት ሰኞ ዕለት አብጦ ነበር፣ ረቡዕ ጎደለ፤ አንድ መምህር በፍየል ተማርኳል።

አዛዡ እስከ መጨረሻው ሰማና «የመምህሩን ነገር ድገመው» አለ። ከዚያ በኋላ ቦቴው በመጣ ቁጥር ከልጁ በፊት የሚጠይቀው እሱ ሆነ፦ «የሽማግሌው ጉልበት እንዴት አደረ?» ጉልበቴ በጦር ግንባር ስም አወጣ። እኔ ራሴ እንኳ እንደሱ ታዋቂ ሆኜ አላውቅም።

ከጊዜ በኋላ ደብዳቤዎቹ አጠሩ። በአንደኛው ላይ «የሠራዊቱ ጫማ ተረከዜን በላው። ስመለስ በዚህ እግር እንዴት አድርጌ እንደምከተልህ አላውቅም» ብሎ ነበር። መመለስ የሚለውን ቃል ሲጽፍ የመጀመሪያው ስለነበር መምህሩ ያቺን መስመር ዋሄን እስክንደርስ ደጋግሞ አነበባት። እንደደረስን ሻሂውን ትተን ጫማ ፍለጋ ገባን።

ከማኅበሩ ሹመቶች ሁለተኛውም የኔ ነው፤ ጫማ መግራት። አዲስ ጫማ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ ለኔ ይሰጠኛል። እግሬ ሰፊ ነው፣ እርምጃዬም ረጋ ያለ ስለሆነ ቆዳው ሳይላላጥ ይለሰልሳል። ባለቤቴ «የሰው ጫማ ሁሉ ታለሰልሳለህ፣ ያንተን ግንባር ማን ያለስልሰው?» ትላለች። የልጁና የኔ እግር ልኩ አንድ ነው። ቡናማ ጫማ ገዛን፣ ቁልቁለቱን አወረድኩት፣ ዳገቱን አወጣሁት፤ ተረከዙ እንደ ሙዝ ልጣጭ እስኪታጠፍ ድረስ አብሬው ሰነበትኩ። ከዚያ ሁለቱን በክር አስሬ ለቦቴው ሹፌር ሰጠሁ።

ቦቴው ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ሹፌሩ ሌላ ጊዜ ከሩቅ ክላክስ እየነፋ ነበር የሚመጣው፤ ያን ቀን ወርዶ በእግሩ መጣ። ደብዳቤና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ጨርቁን ፈታሁት። የግራው ጫማ ብቻ ነበር።

ሸራፊው እጄ ላይ ያለውን ጫማ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መምህሩ ደብዳቤውን ሲከፍት ለመቀመጥ ወንበር ሳበ።

«አይሆንም» አልኩት። «ቁጭ ብላችሁ አታንብቡኝ ብሏል።»

እየሄድን አነበብነው። ቁስለኛ ሊያነሣ ሲሄድ አምቡላንሱ ፈንጂ ላይ መውጣቱን፣ አብሮት የነበረው ሰው መትረፉን፣ እሱም መትረፉን ጽፏል። «ጫማው ሆስፒታል ድረስ መጣልኝ። ቀኙ ልክ ነው፣ አለስልሰኸዋል፣ አላህ ይስጥህ። ግራውን የማደርግበት ስለሌለ መለስኩልህ፤ ያንተ እግር ያውቀዋል። አደር፣ ከኋላህ ያለውን ቦታ ለሰው ስጥ። ፍየሎቹ ይብቃቸው።» ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ መምህሩ ማንበቡን አቆመ። ስለ ቁልቁለቱ የተጻፈ ምንም አልነበረም።

ቦታውን ለማንም አልሰጠሁም። በሕይወቴ ትእዛዝ ያላከበርኩት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አውቄ ነው።

ከረም ብሎ ልጁ ሀርጌሳ እንደገባ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር እህቱ ቤት እንዳረፈ ሰማን። ስንደውል እህቱ ታነሣለች። «ሰው አላይም ብሏል፣ አደር። ክራንቹን ይዞ ግቢ ውስጥ ይዞራል፤ በሩ ሲንኳኳ ግን ይገባል።» ሸራፊው ልሂድ አለ፤ አልተፈቀደለትም። መምህሩ ሄዶ በር ላይ ቆይቶ ተመለሰ።

አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ከመስጊዱ በር ስንነሣ ወደ ዋሄን አልታጠፍኩም። ወደ ምሥራቅ ቀጠልኩ። መሪው እኔ ስለሆንኩ ተከተሉኝ፤ የሕጉ ጥቅሙ ይኸው ነው። መሐመድ ሞጌ ለኛ እግር ሌላ አገር ነው። ባጃጆች «አደር፣ እናድርሳችሁ?» እያሉ ይቆማሉ፤ ሸራፊው ሊገባ ሲል መምህሩ በሽርጡ ይይዘዋል። ስንደርስ ፀሐይዋ ጠንክራ፣ ጉልበቴ እንደ ሐብሐብ ሆኖ ነበር።

እህቱ በሩን ገርበብ አደረገች።

«አደር፣ ነግሬህ የለ…»

«ላየው አልመጣሁም። ሥልጣን ላስረክብ ነው በይው።»

ከውስጥ ድምፁ መጣ፦ «ሂድ አቦ! ጉልበትህ ሳያብጥ ተመለስ!»

«አብጧል!» አልኩት። «ከጅግጅጋ ያር እዚህ ድረስ በእግሩ የመጣ ጉልበት ሊከሳ ኖሯል?»

ከዚያ የክራንች ድምፅ ሰማን። በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ቀኝ እግሩ ላይ ቡናማው ጫማ አለ። እኔን ሳይሆን እግሬን አየ። ግራዬ ላይ ያን የላከውን አዲሱን፣ ቀኜ ላይ ደግሞ አሮጌውን ጥቁር ጫማዬን አድርጌ ነበር።

«ምንድነው ይሄ?» አለኝ።

«ግራውን መለስክልኝ፣ ቀኙ አንተ ጋ ቀረ። እኔ ደግሞ አንድ ላይ ነው የገራኋቸው፤ ለየብቻ መሄድ አያውቁም።»

ሊስቅ ፈለገ መሰለኝ፤ አፉ ግን እሺ አላለውም። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እንዲያለቅስ ተውነው። እኛም ዓይን በመጥረግ ሥራ አልፈታንም።

«አደር፣ ወደኋላ አስቀራችኋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሕጉን አባትህ ነው ያወጣው። የሚያስቀር ፊት ይሄዳል። እኔም ደክሞኛል፣ ውሰድልኝ።»

ያን ቀን የሄድነው እስከ መንገዱ ማጠፊያ ነው። ከፊት ልጁ፣ ከኋላው እኔ፣ ከኔ ኋላ ሌሎቹ። የሰፈሩ ዶሮዎች ቀደሙን። በማግሥቱም መጣን፤ ጉልበቴ ስለከለከለኝ ግን በባጃጅ ነው፣ ይህንን ለሐኪሙ አንነግረውም። ከዚያ እህቱ በማለዳ በባጃጅ መስጊዱ በር ላይ ታወርደው ጀመር። ቁልቁለቱ ላይ እኔ ከኋላው ሆኜ የጃኬቱን ጫፍ እይዛለሁ። «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ የት ነው ያስሰፋኸው?» እለዋለሁ። እሱ የዋሄንን ሰፊዎች ስም በየተራ ይጠራል።

ባለፈው ሳምንት ከዋሄን ወደ ቤት ስንመለስ የዳገቱ ግማሽ ላይ ልጁ ቆመና «በቃ፣ ዛሬ አንተ ምራ፤ ክንዴ ዝሏል» አለኝ። ፊት ሆንኩ። ትንሽ እንደሄድኩ የክራንቹ ድምፅ ከጎኔ መጣ፣ ከዚያ ከፊቴ። እሱ ወሬ ይዞ ነበር፣ አላስተዋለም። ሸራፊው ከኋላ ጮኸ፦

«ቀደመ! ወላሂ ቀደመ! ሻሂ!»

ልጁ ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከፊቱ ሰው የለም። ዞሮ ቁልቁል አየኝ።

«አደር፣ አውቀህ ነው የዘገየኸው።»

«ልጄ፣ ይህን ያህል ብልሃት ቢኖረኝ ኖሮ በኒካሔ ቀን አላረፍድም ነበር።»

አላመነኝም፣ እናንተም አታምኑኝም ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው። ባለኝ ጉልበት ሁሉ እየሄድኩ ነበር። ባለ አንድ እግሩ ሰው ዳገት ላይ ቀደመኝ። ከሻሂ ቤቱ ብዙ ርቀን ነበር፤ የቅጣት ሻሂ ለነገ ማሳደር ግን ነውር ነው ተባብለን ቁልቁለቱን መልሰን ወረድን። ልጁ ኪሱን እየዳበሰ ሲስቅ አባቱን መሰለኝ። ሹመቴም ተመለሰልኝ፤ ከሻሂ ቤቱ ስንነሣ እኔ ፊት ሆንኩ፣ እሱም ከኋላዬ፣ በቦታው።