ቅቤ የጠጣው ማሲንቆ

በ1972 ዓ.ም. ደባርቅ ውስጥ ስለ ሞዛርት ከባዘዘው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስለ ሞዛርት የሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ እርሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የባልትና መምህርት ነበርሁ። ምድጃ በሌለው ክፍል ውስጥ የኬክ አጋገር በቃል አስተምር ነበር። ስለዚህ ድምፅ በሌለበት ሙዚቃ ያስተምር የነበረውን ባልደረባዬን ስተርበው የራሴን ገመና ረስቼ አይደለም።

ባዘዘው የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ፣ ሰርግ ተጠርቶ ጭፈራ ሲጀመር «ሆዴን አመመኝ» ብሎ የሚወጣ ሰው። ከተማው «ኩሩ ነው» ይለዋል። እኔ ግን እውነቱን አውቅ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ በር ስተው የእኔን አንኳኩ። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፤ ጫፉ ወጣ ብሎ ሳየው የማሲንቆ አንገት ነው።

«ልጄን ባዘዘውን ፈልጌ ነበር። አባቱ ነኝ፤ ያርጋል እባላለሁ» አሉኝ።

ባዘዘው ድምፃቸውን ሰምቶ ብቅ ሲል ፊቱ አመድ መሰለ። አስገብቶ በሩን ዘጋ፤ ምሳ አብልቶ በጓሮ በኩል ሸኛቸው። ከዚያ እኔ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ስንዱ፣ በሞቴ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

«ምኑን? አባት እንዳለህ?»

«አዝማሪ መሆናቸውን። ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ከሰሙ ጽጌሬዳን ይከለክሉኛል።»

ጽጌሬዳ እጮኛው ናት። የዳባት ልጅ፣ ረጋ ያለች፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ። አባቷ ሀብተ ሚካኤል የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ስብሰባ ላይ ግራ እጃቸውን አንሥተው «ሰው በሙያው የሚናቅበት ዘመን አከተመ!» ይላሉ። ቤታቸው ገብተው ደግሞ የአማቹን አጥንት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ አዝማሪ በዚያ ቆጠራ ውስጥ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ባዘዘው ይህን ስለሚያውቅ፣ ሽማግሌዎች ሲልክ አባቱን ገበሬ አድርጓቸው፣ ጥያቄ እንዳይበዛም በወባ ገድሎ ቀብሯቸው ነበር። ሰርጉ ለግንቦት ተቆርጧል። እኔም ተናደድሁበት፤ ግን ዝም ለማለት ቃል ገባሁለት።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ ሙዚቃ በደብዳቤ ተከትሎት መጣ። ሙዚቃ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ፣ ለዚህም አንድ አንድ መምህር የአርባ ቀን ሥልጠና ይውሰድ የሚል ሰርኩላር በክረምቱ ደርሶን ነበር። የምርጫው ስብሰባ ቀን ባዘዘው ዳባት እጮኛው ዘንድ ሄዶ ስለነበር በሌለበት በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። በዚያን ጊዜ ምርጫ እንደዚያ ነው፤ የቀረ ሰው ያሸንፋል። እንቢ ቢል አድኃሪ ሊባል ነው። ስለዚህ ጎንደር ሄዶ አርባ ቀኑን ጨርሶ፣ በስቴንስል የተባዛ አንድ ጥራዝ ይዞ ተመለሰ።

ማስተማሩንስ አስተማረ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አሰመረ፤ በመስመሮቹ ላይ ጭራ ያላቸው እንቁላሎች ደረደረ። ሙሉ ኖታ አራት ምት፣ ግማሹ ሁለት፣ ሩቡ አንድ። ለልጆቹ ሒሳቡ ወዲያው ገባቸው፤ ዘፈኑ ግን አልመጣም። ፒያኖ ስለሌለ የእኔን የሊጥ ጣውላ ወስዶ ነጭና ጥቁር ቁልፍ ሣለበት። ሃምሳ ሁለት ተማሪ በየተራ እየቀረበ ጣውላውን በጣቱ ይነካል፣ «ዶ» ይላል፣ ይቀመጣል። ጣውላዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ዶ ሬ ሚ ማዜም ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የአገራችን ቅኝት በአምስት ድምፅ ያበቃል፤ የፈረንጁ ሰባት ነው። ልጆቹ ከዶ ተነሥተው ሚ ይደርሱና ፋን ዘለው ሶል ላይ ዱብ ይላሉ፤ ላ ብለው ሲንም ይዘላሉ።

«ፋ የት ሄደ?» ይላል ባዘዘው ጠረጴዛውን እየደበደበ።

«መምህር፣ ፋ ጉሮሯችን ላይ አይቆምም!»

እርሱም ያውቃል። የገዛ ጉሮሮው ላይም አይቆምም ነበር፤ በመስኮት ስሰማው እርሱም እንደ ልጆቹ ይዘላል።

የሙዚቃ ታሪኩን ክፍል ጓድ ገሠሠ በቀይ እስክርቢቶ ገምግሞታል። ጓድ ገሠሠ የአውራጃው ካድሬ ነው። ባህ አብዛኛውን ዕድሜውን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ሆኖ መኖሩን ሲያነብ ባህን ሰረዘው። ቤትሆቨን ለመሳፍንት አልሰግድም ያለ ስለሆነ አለፈ። ሞዛርት ደግሞ ከጭቁኖች ወገን ተመደበና ሁለት ክፍለ ጊዜ ተሰጠው። ያን ቀን የእኔ ክፍል ባዶ ስለነበር ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ።

«ሞዛርት» አለ ባዘዘው፣ «በአንድ ሊቀ ጳጳስ ቤት ያገለግል ነበር። በአውሮፓ ተወዳዳሪ የሌለው ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ፣ ማዕድ ሲቀርብ ከአሽከሮችና ከወጥ ቤቶች ጋር ነበር የሚያስቀምጡት።» ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ኖታ ነው ብለው ጻፉት።

ከፊት የተቀመጠች ደብሪቱ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እንግዲያ አዝማሪ ነበር ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባዘዘው ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሰበረው።

«አይደለም! አቀናባሪ ነው! አዝማሪ ሌላ፣ አቀናባሪ ሌላ! ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ቫዮሊን አራት ነው። ይህ የእድገት ደረጃ ነው። ጻፉ!»

ጻፉ። ፈተና ላይም ወጣ። ከክፍል ስንወጣ «አባትህ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉሃል?» ስለው «እርሳቸው ሞተዋል» ብሎኝ አለፈ። በጥፊ ልለው እጄ በልቶኝ ነበር።

የካቲት ላይ ለኪነት ቡድናችን መሣሪያ መጣ። አንዱ አኮርድዮን ነው፤ ሳይነኩት የሚያለቅስ፣ ሲነኩት ዝም የሚል። ሌላው አዲስ ማሲንቆ ነው። ሁለቱም ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው ለዘበኛው ለአባ ደምለው በፊርማ ተሰጡ። አባ ደምለው መንግሥት የሰጣቸውን ነገር ሁሉ እንደ ታቦት የሚጠብቁ ሰው ናቸው። የማሲንቆውን ክርና የደጋኑን ጭራ ዳሰው ፀጉር መሆኑን ሲያዩ አዘኑለት፤ ደርቋል። ሁዳዴ ስለገባ ቤታቸው የማይበላ አንድ ቅል ቅቤ ተቀምጧል። አመጡና ክሩንም ደጋኑንም እስኪወዛ ድረስ ቀቡት፣ በየሳምንቱም ደገሙት። በዚያ ጾም ደባርቅ ላይ በአደባባይ ቅቤ የገደፈ ያ ማሲንቆ ብቻ ነበር።

የኪነት ልጆች ሊለማመዱ ደጋኑን ሲጎትቱት ማሲንቆው ዝም። ቢጎትቱት ዝም፣ ቢያከርሩት ዝም። ጓድ ገሠሠ ለጎንደር ጻፈ፦ «የተላከልን መሣሪያ ድምፅ የሌለው ስለሆነ መለዋወጫ ይላክልን።» ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «የጎደለው ድምፅ ዓይነትና ብዛት ተገልጾ በሦስት ቅጂ ይቅረብ።» እኔ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ኧረ እባካችሁ፣ ዳባት ገበያ አዝማሪ ሞልቷል፤ አንዱን ጠርተን እናሳየው» ብል ጓድ ገሠሠ «የአብዮቱን ንብረት ለለማኝ እጅ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበለት ባዘዘው ነው። የዳባት አዝማሪዎች አባቱን ያውቃሉ።

ውጭ ላይ ያዝሁት።

«አንተ ማሲንቆው ምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

«ቅቤ ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ከበር ላይ ይሸታል። በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሙጫ ካልታሸ አይጮህም።»

«ታዲያ ተናገር!»

«በምን አወቅህ ቢሉኝስ? ሥልጠናው ላይ ማሲንቆ አልነበረም፤ ገሠሠ ጎንደር ቢጠይቅ ይደርስበታል። አንቺም ብትናገሪ አንድ ግቢ ነው የምንኖር፤ ከእኔ እንደሰማሽው ያውቁታል። ስንዱ፣ አንድ ወር ነው የቀረኝ።»

እኔም ተውሁት። የአንድ ማሲንቆ ዝምታ ማንን ይገድላል ብዬ ነው።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የሠራተኞች ቀን መጣ። ሜዳው በሰው ሞላ። ከጎንደር አንድ ትልቅ እንግዳ መጥተዋል። ሀብተ ሚካኤል ከዳባት ከነማኅበራቸው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጽጌሬዳ ከጎናቸው ናት። የኪነት ቡድኑ ተራ ደረሰ። ጓድ ገሠሠ «አሁን ደግሞ በባህላዊ መሣሪያ!» ብሎ አወጀ፤ በዕለቱ ራሱ ይጮኻል ብሎ አስቦ መሆን አለበት። ልጁ ደጋኑን ጎተተ። ነፋስ ብቻ ተሰማ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ከጎንደር የመጡት እንግዳም ሳቁ። የእርሳቸው ሳቅ ነው ጓድ ገሠሠን ያሳበደው።

«ይህን ማን ነው የያዘው?»

አባ ደምለው ኩራት እየተሰማቸው ቆሙ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። በየሳምንቱ ቅቤ ስቀባው ነው የከረምሁ።»

«ቅቤ?»

«ፀጉር አይደለም እንዴ? ፀጉር ያለ ቅቤ ይበጣጠሳል።»

ጓድ ገሠሠ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሰማችሁ? ሆን ብሎ ነው! ይህ አሻጥር ነው!» ሁለት ሚሊሽያዎች መጥተው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ያዙ። በዚያን ጊዜ በዚያ ቃል የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። አባ ደምለው የሆነው ነገር አልገባቸውም፤ ባርኔጣቸውን ከመሬት ለማንሣት ይታገላሉ።  እኔ ሁሉንም እያወቅሁ ፈርቼ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ከመምህራን መካከል የተነሣው ባዘዘው ነው።

«ጓድ፣ ይልቀቋቸው። ክሩ ይታጠብና ሙጫ ይቀባ፤ ይጮኻል።»

ጓድ ገሠሠ ትኩር ብሎ አየው። «አንተ በምን አወቅህ?»

«ከሥልጠናው ነው» አለ ባዘዘው። 

«እንግዲያ አሁኑኑ አሳየን። ካልጮኸ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ።»

ሳሙናና ውኃ መጣ። ባዘዘው ክሩንና ደጋኑን አጥቦ ፀሐይ ላይ ሰቀለ። እስኪደርቅ ከጎንደር የመጡት እንግዳ ንግግር አደረጉ፤ በዚያ ንግግር እርዝማኔ ብርድ ልብስም ይደርቅ ነበር። ከአጥሩ ጥድ ላይ የደረቀ ሙጫ ፈልፍሎ ደጋኑን አሸው። በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን ያዝሁት።

«አበላሽተህ ተጫወት። ጢ ካለ ይበቃል፤ ተቀመጥ።»

ራሱን ነቀነቀልኝ። እንዳልሁትም አደረገ፤ ቆሞ፣ ማሲንቆውን እንደ መጥረጊያ ይዞ፣ አንዴ ጎተተው። በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ጢጢታ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። ሚሊሽያዎቹ አባ ደምለውን ለቀቁ። ነገሩ ሁሉ በዚያ ሊያልቅ ነው፤ እኔም ተነፈስሁ።

ጓድ ገሠሠ ግን መቼ ዝም ማለት ያውቃል! እጁን ባዘዘው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ለእንግዳው አስረዳ፦ «አያችሁ ጓዶች፣ አርባ ቀን የሠለጠነ አንድ መምህር ዕድሜ ልኩን በየጠጅ ቤቱ ከለመነ አዝማሪ ይበልጣል!»

ባዘዘው ሊቀመጥ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። መልሶ አወረደው። ከኪነት ልጆች በርጩማ ተቀብሎ ተቀመጠ፤ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ማሲንቆውን ደረቱ ሥር አስገብቶ መቃኛውን አንዴ አዞረ። ከዚያ ተጫወተ። እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ምን እንደተጫወተ ልነግራችሁ አልችልም። አለቀስሁ፤ ይህን ልነግራችሁ እችላለሁ። ፋና ሲ አልነበሩበትም፤ ማንም ግን አልፈለጋቸውም። ሴቶች እልል አሉ፣ ገበሬዎች ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ ጓድ ገሠሠ ሳይቀር በእግሩ ምት መታ። ባዘዘው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሀብተ ሚካኤል ተነሡ። እየተውረገረጉ መጥተው ከፊቱ ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ከኪሳቸው አንድ ብር አወጡና በምራቃቸው አርሰው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

«ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አሉ። «የእኔን ሰርግ የተጫወተው ያርጋል የሚባል ነው። እንዲህ ነበር የሚያስለቅሰን።»

ባዘዘው ብሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ቀና አለ። «ልጃቸው ነኝ።»

«በሕይወት አለ?»

«አሉ፤ ደኅና ናቸው።»

ሀብተ ሚካኤል ፈገግ አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነተኛ ፍቅር ነበረበት።

«እንግዲያ የጽጌሬዳን ሰርግ አንተ ትጫወትልናለህ። ለግንቦት እንዳትቀር፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ ሌላ ሙሽራ አይጠፋም።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ።