ደቦ የተከለከለበት ክረምት

በኮሮናው ክረምት፣ ጅማ ያለውን የቤታችንን ጣሪያ ዐውሎ ነፋስ ገንጥሎ ጎረቤት ጓሮ ወረወረው። እኛ ሰፈር ጣሪያ የሚመለሰው በደቦ ነው፤ በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ማስካቸውን አድርገው፣ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ገና ቆርቆሮውን ሳናነሳ የቀበሌው ሊቀመንበር ደርሶ «መሰብሰብ ክልክል ነው!» ብሎ በተናቸው። ሽማግሌው አባቴ «ያ ረቢ! ዝናቡስ፣ ልጄ?» ቢሉት ዞር ብሎም አላያቸው። በላስቲክ ሥር ስንበሰብስ ሰነበትን።

ከዚያ ያው ሰውዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ዐውሎው የጎዳንን የሰፈሩን ሰዎች ሁሉ በድምፅ ማጉያ አዳራሽ ጠራን፤ ሊያጽናናን ትልቅ ባለሥልጣን መጥቷል አለ። አዳራሹ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገን ተቀመጥን። እንግዳው ንግግሩን ሲጨርስ «ደቦን የመሰለ ባህል እያላችሁ፣ ምነው መንግሥት ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ገሠጸን።

መጀመሪያ ያጨበጨበው ሊቀመንበሩ ነበር።