የእርቁን ቆሪ በገዛ እጄ ጫንኩላቸው

ባለፈው ዓመት፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ከልቤ ያልወጣው ነገሩ ገና ስላላለቀ ነው።

የምኖረው ቆቦ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሱቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የዐረብኛውን ፊደል ደግሞ ጎረቤቴ ከነበረ አንድ ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ፣ ለምኜ ተማርኩ። ዛሬ ብራናም ኪታብም አገላብጬ አነባለሁ። በዚህ አገር ሁለቱንም የሚያነብ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ከወጣትነቴ ጀምሮ የጥንት ዕቃ ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ጋሻ፣ የግመል ኮርቻ፣ ልጆች ቁርኣን የተማሩበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ከአፋር ነጋዴዎች የገዛሁት ጊሌ የሚሉት ጩቤ፣ ሌላም ሌላም። አንድ ክፍል ሙሉ ነበር። ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ሁሉንም በማሽላ ጉድጓድ ቀብሬ፣ ከላይ ማሽላ አልብሼ አተረፍኩት። ስንት ቤት ሲፈተሽ የኔን ያገኘ የለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የኔ አልነበረም። አንድ የጠቆረ ቆሪ ነው፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበታ። ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ በዚያ ቆሪ ገንፎ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ደም የለም። ቆሪው የሚቀመጠው ከማንም ጋር ደም በሌለው ቤት ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን አምነው ለአባቴ ሰጡት፣ አባቴ ለኔ። አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ከእርቁ ቀን በፊት ከሁለቱ ወገን አንዱ ቢነካው፣ እርቁን እምቢ እንዳለ ይቆጠራል።

ካቻምና በጎርፍ ውሃ ምክንያት ሰው ሞተ። ውሃውን ወደ ማሽላቸው ለመጥለፍ ሲሽቀዳደሙ የአያ ኢብሬ ትልቁ ልጅ የሰይድን ወንድም ገደለ። ገዳዩ እስር ቤት ነው። አያ ኢብሬ ከቆቦ ወጣ ብሎ ሮቢት አጠገብ ከታናሽ ልጃቸው ጋር ቀሩ። ሰይድ የወረዳው ሚሊሻ ነው፣ መሣሪያ አለው። ሁላችንም ለዚያ ለታናሹ ልጅ ፈራንለት።

የአገር ሽማግሌው ሼህ ይመር ሁለቱን ቤት እየተመላለሱ ለመኑ። ሰይድ ለረጅም ጊዜ እምቢ ብሎ በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ቀኑ ከአጨዳ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፒካፕ ደጄ ቆመ። የወረደችው ከበላይ ቢሮ የተላከች የቅርስ ባለሙያ ናት። ቀደም ብሎ በባህል ቀን ዕቃዎቼን አዳራሽ ወስጄ አሳይቼ ነበር፤ በማይክራፎንም ተናግሬያለሁ። በደንብ ነበር የተናገርኩት፤ ወሬው እስከ እነሱ ደርሷል። ቅርስ የሕዝብ ነው፣ ሳይመዘገብ በግለሰብ ቤት አይቀመጥም አለችኝ።

«አባባ፣ አይስጉ። እኛ ጋ በደንብ ይጠበቃል።»

«ከመድፍ ያስጣልኩትን ማን ነው ከኔ በላይ የሚጠብቀው?» አልኳት።

ወደ መኪናው ዞራ በእጇ ጠራች። ዕቃ እንዲጭኑ ሁለት ሚሊሻ ይዛ መጥታ ነበር። አንደኛው ሰይድ ነው።

ጋሻው ወጣ። ኮርቻው ወጣ። ሰሌዳው ወጣ። ተቀምጬ አየሁ። የደጁ ሰው ተሰብስቦ ያያል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ቆሪው ወዳለበት መደርደሪያ ጠቆመችና ሰይድን ያንንም እንዲጨምር አዘዘችው።

ሰይድ ባለበት ቆመ።

ተነስቼ ነገሩን አስረዳኋት። ክፉ ሰው አይደለችም፣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ለእርቅ ከሆነ ሌላ ቆሪ ገበያ ሞልቶ የለ እንዴ አባባ? ይሄ እኮ የጥንት ነው» አለችና ወደ ሰይድ ዞረች። «ምን ትጠብቃለህ?»

ሰይድ አየኝ። ፊቱ ላይ ጭንቀት እጠብቅ ነበር፤ ያየሁት ግን እፎይታ ነው። ገመዱን ሌላ ሰው እንደፈታለት እስረኛ።

«አያ መኮንን፣ እንግዲህ ታዝዤ ነው» አለና እጁን ዘረጋ።

በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ጣቱ ሳይደርስ ቆሪውን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። «እኔ ነኝ የማወጣው፣ አንተ ዞር በል» አልኩት። ተሸክሜ ወጣሁና መኪናው ላይ ጫንኩላቸው። ሰይድ ከኋላ ሊሳፈር ሲል ከሾፌሩ ጎን እንዲቀመጥ ለመንኳት። ይቺን እንኳ ሰማችኝ።

በማግስቱ ሼህ ይመር መጡ። ደግ ሠራህ ብለው መረቁኝ፤ ቀኑ ግን አመለጠን አሉ። በሌላ ቆሪ አይሆንም፤ የሁለቱም አባቶች የበሉበት ያ ነው። ለማስለቀቅ ያልገባንበት ቢሮ የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እየታየ ነው።

የአያ ኢብሬ ታናሽ ልጅ ዛሬም ከሮቢት ወዲህ አይመጣም። ፍየሉን የሚሸጠው በሰው እጅ ነው።

ዕቃዎቼ የተቆለፉት እዚሁ ቆቦ፣ አንድ የመንግሥት ግቢ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ጥበቃ ሰይድ ነው። ማን እንደመደበው አልጠየቅኩም። በየገበያው ቀን ሄጄ ሰላም እለዋለሁ። ወንበሩን ከበሩ አርቆ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር አድርጎ፣ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። «አለ?» እለዋለሁ። «አለ አያ፣ አልነካሁትም» ይለኛል። ያንን ወንበር እዚያው ዛፉ ሥር ሳየው ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ።

ያን ቀን ባደረግኩት ዛሬም እኮራለሁ። ሌላ ቢሆን ስለ ጋሻው ሲሟገት ቆሪው ይነካበት ነበር።

ባለፈው ገበያ ግን ስሄድ ወንበሩ ከመጋዘኑ በር ተጠግቶ አገኘሁት። ሰይድ ሰላምታዬን ሲመልስ ቀና አላለም። ፀሐይ ዛፉ ሥር ደርሶበት ሸሽቶ ነው አልኩ ለራሴ። ያን ቀን ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ደመና ነበር።