ዋጪና ስደቢኝ

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ ከእናቴ ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ። ምላሷ ሰው አይምርም። መካነ ሰላም ገበያ ላይ እሷን ደፍሮ በዋጋ የሚከራከር አልነበረም። እናቴን ከሞት አፋፍ የጎተተቻት ግን እሷ ናት፤ ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ታናሽ ወንድሜ መጠለያ ውስጥ ሞተብን። ዝናቡ ተመለሰ፣ ገብሱም በቀለ፤ እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ቀረች። እህል አትቀምስም፣ ስንጠራት አትሰማም። ጎረቤቱ ግማሹ ዛር ነው ይላል፣ ግማሹ ሐዘን ነው፣ ይወጣላታል ይላል። አክስቴ «ሐዘንማ እኔም አለብኝ፤ ይሄ ሌላ ነው» አለች። የቀበሌውን ሊቀመንበር ነዝንዛ የይለፍ ወረቀት አስጻፈችና በእህል መኪና ደሴ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። እኔም አብሬ ሄድኩ።

ሐኪሙ የጭንቀትና የድባቴ ክኒን አዘዘላት። «ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል» አላት አክስቴን። «አፍ ያደርቃል፣ ስትነሣ ያዞራታል። አንድ ላይ ከዋጠችው ልብ ያቆማል፤ ስለዚህ እርስዎ ይያዙት። በተለይ ሐሳቧ ሳይጠራ ጉልበቷ ቀድሞ ከተመለሰ፣ ያኔ ራሷን እንዳታጠፋ ይጠንቀቁ።»

አክስቴ ክኒኑን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። አመሻሽ ላይ እየመጣች አንዷን ታስውጣታለች፣ እናቴ ስትነሣ እንዳትወድቅ ክንዷን ትይዛለች። የነፍስ አባታችን ጸበልና ክኒን አይገናኝም ቢሏት «አባ፣ ጸበሉን የሰጠ እግዜር ክኒኑን ለማን ሰጠው?» አለቻቸው። ሰንበት ብላ ደግሞ እናቴን ጠረጠረቻት መሰለኝ፣ አዲስ ሕግ አመጣች። «ዋጪና ስደቢኝ፤ አፍሽ ባዶ መሆኑን ልወቅ።»

እናቴ መጀመሪያ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ጥርት ባለ ድምፅ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ መዥገር ነዎት» አለቻት። ስትሳደብ እንኳ አንቱታውን አልተወችም። አክስቴ እንደዚያ ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም። «አብሽሪ፣ ድገሚኝ» አለቻት።

እናቴ ተነሥታ ገብስ መውቀጥ ጀመረች። እኔ በደስታ ሰከርኩ፤ አክስቴ ግን ስጋቷ ባሰ። ቤት ያለውን ገመድ ሁሉ ሰብስባ ወሰደች፣ ቀን ቀንም መምጣት ጀመረች። ድና የለ ወይ ብዬ ብቆጣት «ሐኪሙ ያስፈራራኝ ጊዜ ይሄ ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ።

አንድ ምሽት አክስቴ ክኒኑን ይዛ ስትመጣ እናቴ እጇን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ሰድዳ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣች። ውስጡ ክኒን ነው።

«መጀመሪያ ሰሞን ከምላሴ ሥር የደበቅኳቸው ናቸው» አለች። «ሲበዙ አንድ ላይ ልውጣቸው ነበር። ይውሰዱልኝ።»

አክስቴ ጨርቁን ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፣ የዕለቱን ክኒን ሰጠቻት። እናቴ ዋጠች፣ ውሃዋን ጠጣች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየቻት።

«ነገስ ይመጣሉ?» አለቻት።