የሳያት ፎቶዎች

ደምሴ የሚስቱን ስልክ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ድምፁ አጥሩን አልፎ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። ግንብ የሚያፈርሱ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የሳያት ጩኸት መጣ፤ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ በራቸውን በርግጄ ገባሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ለምሳ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት! ሳያት የስፌት መኪናዋ ሥር ወድቃለች። ግራ ክንዷ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል፣ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ደም የምትሰፋውን ነጭ የመዘምራን ልብስ አበላሽቶታል። ደምሴ ስልኳን ሲፈትሽ የጉዳቷን ፎቶዎች አግኝቷል። "እስቲ አሁን ማስረጃሽን አውጪ!" እያለ ይጮህባታል። እኔን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠና "እህት ሰብለ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ትንሽ ተጋጭተን ነው" አለኝ። ጌታ እንዲህ ያለውን ነገር ይባርካል ብሎ ያስተማረው ማን እንደሆነ እንጃ።

ሳያትን ታቦር ሰፈር የማያውቃት የለም። ከአርባ ምንጭ በሙሽርነት መጥታ ነው ጎረቤቴ የሆነችው። የሐዋሳ መዘምራን ግማሹ የእሷን ስፌት ለብሶ ነው የሚዘምረው። ቀልደኛ ነበረች፤ ልብስ ስትለካኝ "ሰብልዬ፣ ወገብሽን የት ጣልሽው?" ትለኛለች። ባሏ አዲስ ከተማ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፣ በቤተ ክርስቲያኑም አንቱ የተባለ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ጥርሷን ሲሰብራት ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከሰሰችው። "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው" አላቸው፣ እናቱም ማሉለት፣ አመኑት። እሷን ደግሞ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ ገበናሽን ሸፍኚ" ብለው ጸልየው ሸኟት። ከዚያ ወዲህ በተመታች ቁጥር ራሷን ፎቶ ታነሳ ጀመር። "አንድ ቀን አይተው ያምኑኛል፣ ከነነፍሴ እወጣለሁ" ትለኝ ነበር። በመዶሻ የደቀቀው እንግዲህ ይሄ ተስፋዋ ነው።

ክንዷን ጄሶ አስደርገን ከሆስፒታል ስንወጣ "ወደ ሔኖክ ውሰጂኝ" አለችኝ። ሔኖክ ባህል አዳራሽ አካባቢ ስልክ ይሸጣል። እኛ ጋ ስልክ የገዛ ሰው ኢሜይሉን ራሱ አይከፍትም፤ ሻጩ ይከፍትለታል፣ ፓስወርዱንም የሚያውቀው ሻጩ ነው። ሳያት ፎቶዎቿ ስልኩ ቢሰበርም ክላውድ የሚባል ቦታ እንደሚቀመጡ ሰምታለች፤ የት እንደሆነ ግን አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሔኖክ በሌላ ስልክ ኢሜይሏን አስገባ። ጥቂት ጠበቅን፣ ከዚያ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። የጠቆረ ዓይን። የጣት ምልክት የወጣበት አንገት። በቀበቶ የተተለተለ ጀርባ። ሔኖክ ፊቱን አዞረ። ሳያት ግን አለቀሰች፣ የደስታ ለቅሶ ነበር።

ለቅሶዋን ሳትጨርስ፣ ዓይናችን እያየ ፎቶዎቹ መጥፋት ጀመሩ። አንገቱ ጠፋ። ጀርባው ጠፋ።

"ምን እየነካካህ ነው አንተ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ኧረ እኔ አልነካሁም! ኢሜይሉ ሌላ ስልክ ላይም ክፍት ነው። አንድ ሰው እያጠፋው ነው።"

"የማን ስልክ ላይ?"

አቀርቅሮ ነገረን። ለካ ደምሴ ለሚስቱና ለእናቱ ስልክ የገዛ ዕለት፣ ሔኖክ ሁለት ኢሜይል መክፈት ታክቶት ሁለቱንም ስልክ በአንድ ኢሜይል አስጀምሮ ሰጥቷቸዋል። በጥፊ አልኩት፤ አልጸጸትም።

ሳያት በደህና እጇ ስልኬን ተቀብላ ለአማቷ ለእማማ አባይነሽ ደወለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

"እማዬ፣ ፎቶዎቹን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?"

እማማ ማልቀስ ጀመሩ። "ምን ላድርግ ልጄ? ደምሴ አሁን መጥቶ ስልክሽን እንደሰበረ ነገረኝ። እኔም ጋ እንዳሉ እሱ አያውቅም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ እንዳያስሩብኝ ብዬ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያዩዋቸው?"

"በተመታሽ ቁጥር እኔ ጋ ይመጣሉ። አንዱንም ሳላይ አላለፍኩም። እያየሁ እጸልይልሽ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው "ልጄ እጁን በሴት ላይ አያነሳም" ብለው የማሉት እኚሁ ሴት ናቸው። ስልኩን ነጥቄ ልሰድባቸው ቃጣኝ። ሳያት ግን አልተሳደበችም፣ ስልኩን ዘጋችው።

ሔኖክ ፓስወርዱን አስቀየራት፣ የእማማን ስልክ ከኢሜይሉ አስወጣ። የተሰረዘ ፎቶ ለጊዜው የሚቆይበት ቅርጫት አለ አለና ከዚያ እየለቀመ መልሶ ስልኬ ላይ ጫነልን። አዲሱን ፓስወርድ ሳያት ራሷ ነች የጻፈችው፣ ለእኔም አላሳየችኝ።

ከዚያ በባጃጅ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ፖሊሷ ፎቶዎቹን እያገላበጠች ረጅም ጊዜ አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ እስኪሪብቶዋን አነሳች።

"ይሄ በደል ሲደርስብሽ የሚያውቅ ሰው አለ? ምስክር አለሽ?"

እኔ አፌን ልከፍት ስል ሳያት ቀደመችኝ።

"አለኝ" አለች። "ወይዘሮ አባይነሽ ብለሽ ጻፊ። የባሌ እናት ናቸው። ሁሉንም አይተዋል።"