ኋንዲ ስሟን የጣለችበት ዓመት

ኋንዲ ስትናደድ የቢላዋዋ ድምፅ እንኳ ይለወጣል ይሉ ነበር አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች። በፉጂያን ጠረፍ ባለችው መንደራቸው ባሕሩ ሲሸሽ ሴቱ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ዛጎል ይለቅማል፤ ከዚያ ደጅ ቁጭ ብሎ በአጭር ቢላዋ እየፈለቀቀ ሥጋውን ለገበያ ያወጣል። ኋንዲ ይህን ሥራ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። አሁን ሃምሳን አልፋለች፤ ግራ መዳፏ ጠባሳ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇንም በዚሁ ቢላዋ ነው ያሳደገቻት።

ከጠባሳው ሁሉ የሚያማት ግን ስሟ ነበር። አባቷ ሽማግሌው ጁዎ ወንድ ልጅ ሲጠብቁ ሁለት ሴት ተወለደባቸው፤ ሦስተኛዋ እሷ ሆነች። አዋላጇ ሴት ናት ብላ ስታበስራቸው ወደ ውስጥ እንኳ አልገቡም። ደጅ እንደቆሙ "ኋንዲ በሏት" ብለው ሄዱ። በታናሽ ወንድም ትቀየርልን ማለት ነው። በዓመቱ ወንድ ተወለደ። ለእሱ አዋቂ ተጠየቀ፣ ዶሮ ታረደ፣ ያኦዙ ተባለ፤ አባቶቹን የሚያስከብር።

"ስሟ ሠራ!" እያሉ አባትየው መንደሩን ዞሩ። ወሬው ተሰማና ወንድ ያጡ ሴቶች ሕፃኗን ኋንዲን እየተዋሱ አልጋቸው ላይ ያስቀምጧት ጀመር፤ ለእነሱም ወንድ እንድትስብላቸው። ከፍ ስትል የሰፈሩ ልጆች "በምን ቀየሩሽ? በአሳማ ነው በዳክዬ?" እያሉ ይከተሏታል። ያኦዙ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ከትምህርት ቤት ወጣች፤ ለእሱ መማሪያ ዛጎል የሚፈለቅቅ እጅ ያስፈልጋል ተባለ። ያኦዙ ተማረ፣ ሺያመን ከተማ ገባ፣ ሱቅ ከፈተ። አባትየው እግራቸው ሲከዳቸው ግን የያኦዙ ፎቅ ደረጃው በዛ፤ ሽማግሌው ኋንዲ ጓዳ ገቡ።

ይህን ሁሉ ኋንዲ ውጣ ኖራለች። ያልዋጠችው የልጅ ልጇ ስም ሲወጣ ነው።

ልጇ ሹቺንግ በተጋባች በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ወር ሲሞላ በባሏ ቤት ድግስ ተደገሰ፤ ቀይ የተቀባ እንቁላል ታደለ፣ በሰሊጥ ዘይት የተሠራ ዶሮ ቀረበ፣ መሀል ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ኬክ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጁዎም በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ተጭነው መጥተው የክብር ወንበር ተሰጣቸው። የሹቺንግ አማት ሜይዡ ተነሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

"ስሟን ላሰማችሁ! ዪንናን ነው። አዋቂው ጋ ሄጄ የተወለደችበትን ሰዓት አስቆጥሬላታለሁ። ዕጣዋ ከአምስቱ ባሕርያት እንጨት ይጎድለዋል አሉኝ። ናን ደግሞ ዛፍ ነው፤ ሽታው ደስ የሚል፣ ምስጥ የማይደፍረው።"

እንግዳው አጨበጨበ። ኋንዲ የያዘችውን እንቁላል መልሳ አስቀመጠች። ዛፉም ናን ነው፣ ወንድ ማለትም ናን ነው፤ የሚለዩት ሲጻፉ ብቻ ነው። ዪን ደግሞ ስቦ ማምጣት ነው። ይህን እዚያ ቤት ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። ሁሉም እንዳልሰማ ሆኖ ዶሮውን ይበላል።

"እስቲ ድገሚልኝ እህቴ" አለች ኋንዲ።

"ዪንናን።"

"ስባ እንድታመጣ ነው አይደል? ምን እንድታመጣልሽ ነው? ጣውላ?"

አንድ አጎት ሳቅ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ። ሜይዡ ፊቷ ደም መሰለ።

"በደስታ ቀን አፍሽን ሰብስቢ! ዛፍ ነው አልኩ እኮ፣ ዛፍ!"

"ዛፍ ካማረሽ ደጅሽ ላይ ችግኝ ትከዪ! የልጅ ልጄን መንጠቆ ላይ ትል አድርገሽ አትሰኪያትም። ወንድ ዓሣ እንዲነክስልሽ ነው?"

"ኋንዲ!" ሽማግሌው ጁዎ ጠረጴዛውን መቱ። "ተቀመጪ! ስም ምን አደረገሽ? ለቤታችን ወንድ ያመጣው ያንቺ ስም ነው። ልትኮሪበት ሲገባ!"

ኋንዲ ወደ አባቷ ዞረች። በዕድሜዋ ሁሉ በሰው ፊት መልሳላቸው አታውቅም።

"አባባ፣ ያመጣሁልዎት ወንድ ዛሬ የት አለ? እግርዎን ማን ነው የሚያጥበው? ማን ነው ሽንት ቤት የሚያደርስዎት? በተጠራሁ ቁጥር እኮ የሚጠራው እሱ ነው። እኔን አንድም ሰው ጠርቶኝ አያውቅም!"

"ባለጌ! እናትሽ እንኳን ይህን ሳትሰማ ሞተች!"

"እናቴማ ይህን ስም ዕድሜ ልኳን ሰምታ ነው የሞተችው!"

ከዚያ ያደረገችውን መንደሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኬኩ ላይ በቀይ ክሬም ዪንናን ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጠባሳ በሞላው መዳፏ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። ሜይዡ ጮኸች። የሹቺንግ ባል ጁንሆንግ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እናቱን ይያዝ የሚስቱን እናት ይያዝ ግራ ገብቶት ቆመ። ኋንዲ ክሬም የተለቀለቀ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ቀረች።

"ይበቃል!"

የተናገረችው ሹቺንግ ናት። ሕፃኗን ታቅፋ ከጓዳ ወጥታለች።

"እማማ ሜይዡ፣ ይቀመጡ። እማዬ፣ አንቺም ተቀመጪና እጅሽን ጥረጊ። ያማጥኩት እኔ ነኝ፣ ስምም የማወጣው እኔ ነኝ። ያንሹ ነው የምትባለው። ነገሯን በእርጋታ የምትናገር ማለት ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ካልወረሰች!"

ጁንሆንግ ቶሎ ብሎ "ደስ ይላል፣ ያንሹ ደስ ይላል" አለ። በማግስቱም እሱው ራሱ ሄዶ አስመዘገበ። ሜይዡ ከኋንዲ ጋር ለወራት ሰላምታ አቋረጠች።

ስሙ ቢቀየርም የኋንዲ ንዴት አልበረደም፤ ጭራሽ ተነሣ። ለሕፃኗ ይህን ያህል ከጮኸች ለራሷ ለምን ዝም አለች? በድግሱ ማግስት ሲነጋ ዛጎሏን ሳትነካ አውቶቡስ ተሳፍራ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መታወቂያ ክፍል ያለችው ወጣት ፖሊስ ትሑት ነበረች።

"ምክንያቱን ምን ልበል፣ አክስቴ?"

"ወንድምየው መጥቷል በይ። ሥራዬን ጨርሻለሁ።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና አሰበች። "ድምፁን ሳንነካ አጻጻፉን ብቻ ብንለውጠውስ? ኋን ደስታም ይሆናል፣ ዲ ደግሞ ዋሽንት። የሚያምር ስም ነው፤ ገበያ ያለው ሰውም አይቸገርም።"

"ኧረ ተይኝ ልጄ! ትናንት በዛፍ ሸፍነው ወንድ ሊያስገቡብን ነበር፤ ዛሬ አንቺ ወንድሜን በዋሽንት ልትሸፍኚልኝ? ከሥሩ ይነቀል!"

አዲሱን ስም ያሰበችው አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ቻኦ። የባሕር ሙላት፤ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚመጣው።

ወሬው ሺያመን ሲደርስ ያኦዙ ደወለ። "አብደሻል? በዚህ ዕድሜሽ ስም? ቤተሰቡን መሳቂያ አደረግሽው እኮ!"

"ያኦዙ፣ አንተ መጀመሪያ ስምህን ሥራበት። አባቶቹን የሚያስከብር አይደለህ? አንደኛው እኔ ጓዳ ተኝተው አንተን እየጠበቁ ነው፣ ና አስከብራቸው።"

ስልኩ ተዘጋ። በአዲስ ዓመት አንድ ሣጥን ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ምሳ በልቶ ሄደ። ስሟን ላለመጥራት ቀኑን ሙሉ "እህቴ" ሲል ዋለ።

ገበያ ያሉት ሴቶች ለመልመድ ጊዜ ወሰደባቸው። በድሮው ከጠሯት ዞር አትልም፤ ጀርባዋ ላይ ባዶ ዛጎል ይወረውሩባታል። ቆይተው ግን ወደዱት፤ ጠዋት ስትመጣ "ቻኦ፣ ዛሬስ ሞልተሻል ወይስ ሸሽተሻል?" ይሏታል። "ዛሬስ ላሰጥማችሁ ነው የመጣሁት" ትላለች።

ሽማግሌው ጁዎ ብቻ እምቢ አሉ። አንድ ከሰዓት ደጅ ቢላዋዋን ስትስል ከጓዳ ድምፃቸው መጣ።

"ኋንዲ! ውኃ! ኋንዲ!"

"እንደሱ የምትባል እዚህ ቤት የለችም፣ አባባ!"

"እኔ ነኝ ያወጣሁልሽ! የአባት ስም ይጣላል?"

"ተጣለ!"

እሷ ቢላዋዋን መሳል ቀጠለች። ጠምቷቸዋል፣ ታውቃለች። ተነሥታ ብትሄድ ለዚያ ስም መሄዷ ነው። ብዙ ቆይቶ ጓዳው ውስጥ በከዘራ ወለሉ ተመታ፤ ቋ፣ ቋ።

ቻኦ ተነሣች። ውኃውን ቀድታ ገባች፣ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አድርጋ አጠጣቻቸው። አላመሰገኗትም፣ እሷም አልጠበቀችም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እሷም በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ በዚያው ኖሩ፤ እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እሷ ትመጣለች።